መኪና የሚያሸተው ደላላ

ሚዛን ተፈሪ ደላላ አልቸገራትም። መኪና ሲያሻሽጡ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ በሩን ከፍተው ይዘጋሉ፣ «አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳው» ይላሉ፣ ኮሚሽናቸውን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው አይታይም። እኔ ባዘዘው እባላለሁ፤ መካኒክ ነኝ። ፀጉሬ የሸበተው እነሱ የሸጡትን ስጠግን ስለሆነ ደላላ ሲባል ደሜ ይፈላል። ናስረዲን አባፎጊ ግን ደላላም ሆኖ የማልጠላው ሰው ነበር።

ናስረዲን የመጣው ከጅማ አካባቢ ነው። በ1985 ዓ.ም. ግድም የቡና መኪና እየነዳ ሚዛን ገባ፣ ገበያው ዳር ሱቅ ያላትን ረቢያን አገባ፣ እዚያው ቀረ። ወገቡን ሲያመው መሪውን ተወና የጭነት መኪና ማሻሻጥ ጀመረ። ቢሮ አልነበረውም። የእኔ ጋራዥ በር ላይ፣ ያረጀ የመኪና ወንበር አስቀምጦ ይውላል፤ ገዢም ሻጭም እዚያ ይመጣለታል። ኪራይ ከፍሎኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ እሱ ያሻሻጠው መኪና ሁሉ ለጥገና ወደ እኔ ነበር የሚመጣው።

«ናስሩ፣ ናፍጣ ይሻለኛል ወይስ ቤንዚን?» ይሉታል ገና ሳይቀመጡ። እሱ ዋጋ አያነሳም። ምን እንደሚጭኑና በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ ነው የሚጠይቀው። አንድ ቀን ባለሱቅ መጥቶ «ናፍጣ ርካሽ ነው፣ የናፍጣ መኪና ፈልግልኝ» ሲለው፣ «አንተ ከሚዛን ሸኮ የምታመላልሰው ሳሙናና ስኳር ነው» አለው። «ቤንዚን ግዛ። ጠዋት ሳያስለምንህ ይነሳል። ቢያልቅብህም በየሱቁ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል። የናፍጣው ፓምፕ የተበላሸ ቀን ያጠራቀምካትን ባዘዘው ነው የሚበላት።» እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ እኮ። ሰውዬው ቤንዚን ገዛ፤ የእኔም እንጀራ በዚያው ቀረ።

ቡና ለሚጭን ግን መልሱ ሁልጊዜ ናፍጣ ነበር። «ስልሳ ኬሻ ጭነህ የቴፒን ጭቃ በቤንዚን ልትወጣው? ሞተሩ ይጮህልሃል እንጂ አይሄድልህም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዳገትና ጭቃ ጉልበት ይፈልጋሉ፣ ጉልበቱ ያለው ናፍጣ ላይ ነው።

ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ቴፒ ላይ ናፍጣ አንድ ሳምንት ይኖራል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሹፌሮቹ እንዳይቆሙ ብለው አንድ በርሜል ናፍጣ ከኋላ፣ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒ ላይ ጭነው ይዞራሉ። በርሜሉ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይፈሳል። ቤንዚን ቢሆን እኩለ ቀን ሳይሆን ተንኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ግን የካሶኒው ጣውላ ውስጥ ሰርጎ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። ቡና ደግሞ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ያ ጣውላ ላይ አንድ ቀን ያደረ ቡና አዲስ አበባ ሲደርስ ቀማሾቹ አንዴ ፉት ብለው ይተፉታል። ባለቤቱም ቡናውን ይዞ ይመለሳል።

ናስረዲን ስም ያወጣው በዚህ ነው። ሻጭ መኪናውን ሲያመጣ ሞተሩን ለእኔ ይተውና እሱ ጫማውን አውልቆ ካሶኒው ላይ ይወጣል። ይንበረከክና አፍንጫውን ጣውላው ላይ አድርጎ ከጥግ እስከ ጥግ ያሸታል። ሻጮች በሳሙና አጥበው ይመጣሉ፣ አመድ ነስንሰው ይመጣሉ። አንዱማ ሽታው እንዲጠፋ ብሎ ሳምንት ሙሉ ኮረሪማ ሲጭን ከርሞ መጣ። ናስረዲን ቀና ብሎ «ኮረሪማው ደስ ይላል፤ ሥሩ ያለው ናፍጣ ግን አልወጣም» አለው። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲከራከር ቆይቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ «ናስረዲን አሽትቶታል?» የሚለው ጥያቄ ከሊብሬው በፊት የሚመጣ ሆነ።

በ1994 ነሐሴ ላይ ናስረዲንን ከባድ ጉንፋን ያዘው። ሁለት ሳምንት ተኛ፣ ከዚያ ተነሳና ሥራውን ቀጠለ። ኅዳር ላይ አንድ የናፍጣ መኪና ልንሞክር ነዳጅ ጨምርበት አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጀሪካን አለ፤ የቤንዚኑን አነሳና ክዳኑን ከፍቶ ወደ ነዳጅ መያዣው ሰልባቲዮ አስጠጋ።

«ምን ነካህ፣ ቤንዚን እኮ ነው» አልኩት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ክዳኑን ሲያጠብቅ ብዙ ቆየ። «አይሸተኝም፣ ባዘዘው» አለኝ። ከነሐሴ ጀምሮ ምንም አይሸተውም ነበር። ረቢያ ያወቀችበት ወጥ ከሰል ላይ እስኪያር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አግኝታው ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር፤ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ብለው ሸኙት። «ለማንም አትንገር፤ ልጆቼን የማበላበት ነው» አለኝ። እኔም ምን አገባኝ አልኩ። እውነቱን ካወራን ግን ያገባኝ ነበር፤ እሱ ሥራ ካቆመ እኔም ጋ ሥራ ይቀንሳል። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላም ካሶኒ ላይ መውጣቱን፣ መንበርከኩን፣ ማሽተቱን አልተወም። እንዴት እንደሚያደርግ በኋላ ነገረኝ፤ አጎንብሶ ከብብቱ ሥር የሻጩን ፊት ነበር የሚያየው። ናፍጣ ያፈሰሰ ሰው እሱ ወደዚያ ጥግ ሲጠጋ ወይ ትንፋሹን ይይዛል፣ ወይ ወሬ ይጀምራል። በዚህ ዘዴ ሰባት መኪና አሻሻጠ፣ አንድም አልተመለሰበትም። እኔም ነገሩ በዚሁ ያልቃል ብዬ ረሳሁት።

ጥር 1996 ላይ ወይዘሮ ማናልሞሽ ከቴፒ መጣች። ከገበሬው ቡና እየሰበሰበች ወደ አዲስ አበባ የምትልክ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት በኪራይ መኪና የላከችው ቡና ናፍጣ ሸተተ ተብሎ ተመልሶባታል። ዘንድሮ ቤቷን ሸጣ መኪና ልትገዛ ነው የመጣችው። «ይኼኛው ከተመለሰብኝ ከንግዱ ወጣሁ፣ ጋሽ ናስሩ። ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት ነው የምገባው» አለችው።

ሁለት መኪና ቆሞ ነበር። አንዷ አጠር ያለች የቤንዚን ቶዮታ ናት፤ ሰሌን ስትጭን የኖረች ስለሆነች ካሶኒዋ ንጹሕ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግን ስልሳ ኬሻ አትችልም። ሌላው የናፍጣ አይሱዙ ነው፤ ሞተሩን ፈታትቼ አይቼዋለሁ፣ እንከን አይወጣለትም። ሻጩ ከማሻ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ናስረዲን ካሶኒው ላይ ተንበርክኮ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ሰውዬው የክብሪት እንጨት አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ መንገዱ ያያል። አንድም ጊዜ ፊቱ አልተለወጠ፣ አንድም ቃል አልተነፈሰ።

ናስረዲን ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። እኔ መፍቻዬን በጨርቅ እጠርግ ነበር፤ መጥረጌን ቀጠልኩ።

«ናፍጣውን ይውሰዱ» አላት። «ካሶኒውስ?» አለች። «ንጹሕ ነው» አለ። ውሉ ተፈረመ፣ ማናልሞሽ መኪናዋን ይዛ ቴፒ ገባች።

ከዚያ በኋላ ናስረዲን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወሬ የለም። በሁለተኛው ቀን «አንተ ምንም አልሸተተህም?» አለኝ። «ሃያ ዓመት ናፍጣ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔን ፀጉሬም ይሸተኛል፣ እንጀራዬም ይሸተኛል። ምኑን ከምኑ ልለየው?» አልኩት። «የዚያ ሰውዬ ፊት ምንም አልነገረኝም» አለ። እኔ ንጹሕ ቢሆን ነው እንግዲህ አልኩት። ተናድጄም ነበር፤ አልቆ የተፈረመ ነገር ለምን ይቆሰቁሳል? በአራተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ ጠበቀኝ። «ዛሬ ነው የምትጭነው። ቴፒ ውሰደኝ» አለ።

ወሰድኩት። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ስንደርስ ረፋዱ አልፏል። ማናልሞሽ መጋዘኗ በር ላይ ቆማ ታስጭናለች፤ አርባ የሚሆን ኬሻ መኪናው ላይ ወጥቷል። ወዛደሮችና ሌሎች ቡና ነጋዴዎች ግቢው ውስጥ ነበሩ። ናስረዲን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «ያውርዱት፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ» አላት።

«ምን ሆነ?»

«እኔ አላሸተትኩትም። አፍንጫዬ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ንጹሕ ነው ያልኩዎት ሳላውቅ ነው።»

ማናልሞሽ ወደ ወዛደሮቹ ዞረች። ከዚያ ሳትጮህ «አውርዱ» አለች። አርባው ኬሻ አንድ በአንድ ወረደ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እሷ ራሷ ካሶኒው ላይ ወጣች፣ ተንበረከከች፣ እያንዳንዱን ጣውላ አሸተተች። ወርዳ ሁለት ወዛደር አስወጣች፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አስወጣች። ሽማግሌው ጥግ ጥጉን በጣቱ ፍቆ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

«ምንም የለበትም። ንጹሕ ጣውላ ነው» አለ።

እኔ እፎይ አልኩ። ናስረዲንም ዓይኑን ጨፍኖ አልሐምዱሊላህ አለ። ሌላ እፎይ ያለ ግን አልነበረም። በዚያው ዝናቡ መጣ፤ ሸራ እስኪለብስ መሬት ላይ የነበረው ስድስት ኬሻ ቡና ራሰ። ማናልሞሽ የረጠበውን ኬሻ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ናስረዲን ዞረች።

«ዓመት ሙሉ እየተንበረከኩ ሲያታልሉን ነበር ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

እኔ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ናስረዲን ወደ እኔ አልዞረም።

«ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም» አላት።

መኪናው ሸትቶ ቢሆን ኖሮ ናስረዲን ንግዷን ያተረፈላት ሰው ይሆን ነበር፤ በየቡና ቤቱ ያወሩለት ነበር። ንጹሕ ስለሆነ ግን አንድ አፍንጫ የሌለው ውሸታም ደላላ ሆኖ ቀረ። ወሬው በሦስት ቀን ሚዛን ገባ። ያን ዓመት መኪና የገዙት ሰባቱም መጥተው አፋጠጡት፤ የአንዳቸውም መኪና እንከን አልነበረበትም፣ ግን ይህ አላበረዳቸውም። ሻጭም ገዢም ቀረ። በመጋቢት ናስረዲን ወንበሩን ትቶ ረቢያ ሱቅ ገባ፤ እስኪሞት ድረስ እዚያ ስኳር ሲመዝን ኖረ። እኔ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። ብዙ ጊዜ እንዲያነሳውና እንዲሰድበኝ እመኝ ነበር።

የማናልሞሽ ቡና አዲስ አበባ ደርሶ አለፈ። በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛ መኪና ልትገዛ ጋራዤ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፣ «ደላላ አልፈልግም፣ ጋሽ ባዘዘው። ከዚያ ሰውዬ በኋላ ማንንም አላምንም። እርስዎ ግን የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ እርስዎ ይምረጡልኝ» አለችኝ።

«ናስረዲን ብቻውን አልነበረም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ከዚያ እጄን በጨርቅ ጠረግሁና መኪና ልመርጥላት ተነሳሁ።