የጁዋይሪያ ስምንት ሰዓት

ጁዋይሪያ የወሎ ልጅ ናት። አባቷ እዚህ እኛ ከተማ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረችና ዓይደር ሰፈር አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ተቀጠረች። እኔ እዚያው ካርድ ክፍል ነኝ። ሰው አክባሪ ናት፣ ሥራዋን ግን ለማንም አታስነካም። እንከን ያወጣባት ሰው ካለ ፊቷ ይጠቁራል።

የቀጠሮውን ፕሮግራም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው እሷ ናት። ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ በሐበሻ፤ ስለዚህ ልዩነቱን የሚይዝ አንድ ግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም ሁሉም የፕሮግራሙ ክፍሎች የሚያነቡት ቁጥር፣ “ቅንብር” በሚባል ክፍል (ሞጁል) ውስጥ አስቀመጠች። መነሻው ዜሮ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ስድስት ይሆናል። የኔ ስክሪን ከዚያ እያነበበ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ሁለት ይለኛል። ለበሽተኞች መልእክት የሚልክ ሌላ ሞጁልም ነበረ።

ሐኪሙ የሚመጣው በወር አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ኣደይ ኣብርሀት የሚባሉ የሓድነት ሰፈር እናት ግን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ አሉ።

“መልእክቱ ስምንት ይላል” አሉኝ።

ስክሪኔን አዙሬ አሳየኋቸው። “ኣደይ፣ ሁለት ነው። ረስተው ነው።”

ስልካቸውን እንኳ አላየሁም። ሌሎቹ በሰዓታቸው መጥተው ስለነበር እርግጠኛ ነበርኩ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።

በወሩ በጎረቤት እጅ ተይዘው መጡ። ልጃቸው ተኽለ ከዓዲግራት ደውሎ፣ እናቱ መርሳት ስለጀመሩ ብቻቸውን ከቤት እንዳይወጡ ማዘዙን ጎረቤቷ ነገረችን። ኣደይ መሬት መሬት ያያሉ።

“ጭንቅላቴ ሄዷል መሰለኝ” አሉ።

ጁዋይሪያ ይህን ሰማች። ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ስልካቸውን ተቀብላ ያለፈውን መልእክት ፈለገች፤ እውነትም ስምንት ይላል። ሮጣ ኮዷን ከፈተች። የመልእክቱ ሞጁል ቫሪያብሉን በስሙ ብቻ ኢምፖርት አድርጎ፣ ቁጥሩን ገና ዜሮ ሳለ ቀድቶ ወስዶታል። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቀድቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ማለት ነው፤ ሰሌዳው በኋላ ቢቀየር አያውቅም። ሌሎቹ በሽተኞች ስልካቸው በፈረንጅ ስለሚቆጥር ስምንቱን ራሳቸው ሁለት አድርገውት ኖሯል። የተጻፈውን ያመኑት ኣደይ ብቻ ናቸው።

“ቅንብር”ን ሙሉውን ኢምፖርት አደረገችና ቁጥሩ በየጊዜው ከዚያው እንዲጠየቅ አስተካከለችው። ሁለት መስመር አይሞላም።

“ተስተካከለ አይደል? ተይው፣ አለቃ እንዳይሰማ” አልኳት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ሄዳ የሐኪሙ በር ላይ ቆመች። ኣደይ ሲወጡ ስልካቸውን መለሰችላቸው።

“ኣደይ፣ እርስዎ አልረሱም። ስምንት ብሎ የላከው የኔ ፕሮግራም ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ሐቅሽን ነው ጓለይ፣ ልጄ?”

“ሐቄን ነው።”

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ለተኽለ ደወሉና ስልኩን ሰጧት። “ለሱም ንገሪው። ጮክ ብለሽ።”

ነገረችው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። ተኽለ እናቱን እንድታገናኘው ጠየቃት።

“ሥራ አለኝ በዪው” አሉ ኣደይ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጎረቤቷን “አንቺ ቤትሽ ግቢ፣ እኔ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ” አሏትና ብቻቸውን ወጡ።