እንዝርት የያዝኩ ሽማግሌ

ያልሰማ ይስማ፤ ዛሬ ቡሬ ላይ እኔ ሽማግሌው አንድ ክንድ ክር ሳይበጠስብኝ ፈተልኩ።

በየወሩ አንድ የማላውቀውን ሙያ ልማር ብዬ ከራሴ ጋር ተወራርጃለሁ። ያለፈው ወር ኮርቻ መስፋት ነበር፤ በቅሎዬ እስካሁን አኩርፋኛለች።

የዚህ ወር ፈተል ነው። ወንድ እንዝርት ይዞ ያየ ጎረቤት ይሳቅ። ልጄ ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ገብቷል፤ ከክረምቱ በፊት ጋቢ ካልደረሰለት ብርዱ ይጨርሰዋል። ሚስቱ ብቻዋን ፈትላ አታደርሰውም።

«አባባ፣ ይህ ክር ነው ወይስ መጫኛ?» ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ።

«ወፍራሙ ይሻለዋል፤ ብርድ አያሳልፍም» አልኳት።

ወገቤ ተቆርጧል፤ ጣቴ ደንዝዟል። ነገም እፈትላለሁ።

ሁሉም እውነት ነው፤ ሳቀች ያልኩት ብቻ የኔ ፈጠራ ነው። ባሏ ከወጣ ወዲህ ስቃ አታውቅም። ሰው የማሳቅ ሙያ ያላችሁ፣ ለሚመጣው ወር አስተምሩኝ።