ፀሐይ ላይ የዋለው ፍራሽ

ልብስ ሰፊዋ አዲሱ ጎረቤቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግራ ገብቷታል። ሸሚዙ ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ እጅጌው ግን እስከ ክርኑ ይጠቀለላል። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያንኑ ጠባብ ፍራሽ ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ያሰጣል። የሽንቱን እድፍ ኮምጣጤ በነካው ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ቤኪንግ ሶዳ ይነሰንስበትና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዝንብ እሽ ይላል። ሲደርቅ ዱቄቱን በብሩሽ አራግፎ፣ የሕፃን አናት እንደምታሸት እናት ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል።

አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ወንድሜ፣ ማነው እንዲህ የሚያደክምህ?»

«ልጅ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ልጅ ደግሞ አይቆጡትም።»

የቱ ልጅ? ደጃፉ ላይ የልጅ ጫማ አይታ፣ የልጅ ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። ዋሸኝ እንዳትል ፊቱ የውሸታም አይደለም።

ይህን ስታብሰለስል ከቤቱ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተጣራ።

«አባዬ! አባዬ፣ የት ሄድክብኝ?»

«አለሁ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ!» ሰውዬው ብሩሹን ጥሎ ሮጠ።

በሩን ተደግፎ የቆመው፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሽማግሌ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ሰማዩ ሲዳምን አየችና ፍራሹን ብድግ አድርጋ ከራሷ በረንዳ ሥር አስገባችው።