አሥራ ሦስተኛው ክፍል

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ፈራጁ» እያለ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ፊልም ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ካሴት ሲያከራይ፣ ቀጥሎ ሲዲ ሲሸጥ፣ በመጨረሻም ሰው ይዞ በመጣው ፍላሽ ላይ ሲጭን። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ አንድም ፊልም ሳይፈርድበት ከእጁ አይወጣማ። ገዢው ቸኩሎ በር ላይ ቢቆም እንኳ፣ ጥንካሬውን ልንገርህ፣ ድክመቱንም ልንገርህ፣ ከዚያ ከፈለግህ ውሰድ ይለዋል። ገበያውን በገዛ እጁ የሚያበላሽ እንዲህ ያለ ነጋዴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከሁሉ የሚወደው አኒሜ የሚባሉትን የጃፓን የሥዕል ፊልሞች፣ ያውም አጫጭሮቹን ነበር፤ ያውም መንፈስና ሙት ያለባቸውን። አሥራ ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ከምናምን፣ በቃ። መቶና ሁለት መቶ ክፍል የሚሄዱትን «ጡረታ ስወጣ» እያለ ያልፋቸዋል። አጭሩ ለመዋሸት ጊዜ የለውም ባይ ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ሙት፣ አንድ የተደበቀ ጥፋት ይይዝና ሌላውን ሁሉ ይተዋል። የሚያስፈራውም በሚያሳየው ሳይሆን በሚደብቀው ነው። ድክመታቸውን ሲዘረዝር ደግሞ የሥጋ ዘመዶቹ ያጠፉ ይመስል ይንጨረጨር ነበር። ሰውየውን አንደኛው ክፍል ላይ ያስተዋውቁህና ሦስተኛው ላይ ይገድሉታል፤ ገና ሳትለምደው እንዴት ታዝንለታለህ? የመንፈሱን ሕግ አሥር ክፍል ሙሉ ደብቀው፣ አሥራ አንደኛው ላይ ከየት መጣ የማይባል ሽማግሌ ያመጡና በአምስት ደቂቃ ሁሉንም ያስዘረዝሩታል። የባሰው ግን ማለቂያው ነው፤ ተከታይ ይሠራ ይሆናል እያሉ ነገሩን አንጠልጥለው ይተዉታል፣ ተከታዩም ሳይሠራ ይቀራል።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሙት ከተቀበረ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አሳስቦኝ አያውቅም። የስኳር በሽታው የወንድሜን ዓይን ሲወስደው ግን ሱቁ ተዘጋ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር ወደ እኔ ቤት መጣ፤ አልጋውን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ዘረጋሁለት። ይዞ የመጣው ሁለት ቅያሪ ልብስና አንድ ላፕቶፕ ነው። ለማያይ ሰው ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል ብዬ ስጠይቀው፣ «አንቺ አለሽልኝ አይደል?» አለኝ።

በዚህ ጀመርን። በቀን አንድ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ። መኪናው ስለሚጮህ በእጅ የሚሠራውን፣ ቁልፍ መትከሉንና ጠርዝ መዘምዘሙን ለዚያ ሰዓት አቆየዋለሁ። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እንደ አቅሜ እተረጉምለታለሁ፤ ሥዕሉን እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እንነታረክ ነበር። ዝም ያለ ቦታ ሲመጣ «ምንም የለም፣ ኮሪደር ነው» ብዬ ሳልፈው ቆሽቱ ያርራል። ኮሪደሩ ምን ያህል ይረዝማል፣ የትኛው መብራት ነው የጠፋው፣ በሩ ገርበብ ብሏል ወይስ ተዘግቷል ብሎ ያፋጥጠኛል። ሠሪዎቹ ገንዘብ ስለሚያጥራቸው ሥዕሉን ብዙ አያንቀሳቅሱትም፤ ፍርሃቱ የሚወጣው ግን ከዚያው ከድህነታቸው ነው ይለኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ አስተማረኝና፣ በስድስተኛው ወር ስለ አንድ ባዶ ኮሪደር ብቻ ሦስት ደቂቃ እተርክ ጀመር።

አንድ ልጅ አለው። ሩቅ ከተማ የጭነት መኪና መካኒክ ነው፤ ከአባቱ ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናትየው ሆስፒታል በሞተችበት ቀን ልጁ ስድስት ጊዜ ደውሎ አባቱ አላነሳም። የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ሱቁ ውስጥ የአንዱን ታሪክ መጨረሻ እያየ ነበር። ከቀብር መልስ ልጁ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ የምታለቅሰው ለሥዕል ሙት ነው» አለውና ሄደ። ወንድሜ ይህን አንድም ቀን አስተባብሎ አያውቅም። ይቅርታ መጠየቅ ይፈልግ ነበር፤ የያዘው ኩራት ነው። አልጋ ላይ ተኝቼ ብለምነው አሳዝኜው ነው ይቅር የሚለኝ፣ ስድን በእግሬ ሄጄ ባላየውም ፊቱ ቆሜ ነው የምነግረው ይል ነበር።

አንድ ማክሰኞ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲልበት ሆስፒታል ወሰድኩት። ዶክተሯ እሱን ነርሷ ጋ ትታ እኔን ወደ ውጭ አወጣችኝ። ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን፣ ልቡም ስለደከመ የኩላሊት እጥበቱን እንደማይችለው፣ ቢበዛ ሁለት ወር እንደሚቆይ ነገረችኝ። ወደ መጨረሻው አእምሮው ሊደክም ስለሚችል፣ የሚጨርሰው ጉዳይ ካለ አሁኑኑ ይጨርስ አለች። ልትነግረው ስትመለስ ክንዷን ይዤ፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ የለመደው የእኔን አፍ ነው አልኳት። አመነችኝ።

ታክሲ ውስጥ ምን አለችሽ ብሎ ጠየቀኝ። መድኃኒት ቀይራለች፣ እብጠቱ ሲጎድል እንደ ልብህ ትሄዳለህ አለች አልኩት። አንጀቴ አልችል ብሎ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን ማየት ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ ስል አንድ ሳምንት ሄደ፣ ሁለት ሄደ። እሱ ደግሞ ልጁ ዘንድ ሲሄድ የሚለብሰው ሱሪ ሰፍቶት ነበርና ወገቡን እንዳጠብብለት ጠየቀኝ። አጠበብኩለት፣ ተኮስኩለት፣ ሰቀልኩለት። ይህን ሁሉ ሳደርግ አፌ አልተከፈተም።

የሊፍት ሴትዮዋን ታሪክ የጀመርነው በዚያ መሃል ነው። እሱ ዓይኑ ሳለ ያላየው ነበር፤ አንድ የድሮ ደንበኛው በፍላሽ አመጣለት። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት የምታንቀሳቅስ ሴት አለች። የምታሳፍራቸው ሰዎች ሞተዋል፤ መሞታቸውን ግን አያውቁም። የእሷ ሥራ መንገር ነው፤ ስትነግራቸው ከምድር በታች ባለው በር ይወጣሉ። ከዘጠነኛው ፎቅ የተሳፈረው ሽማግሌ ግን አሳዘናት። ለቤተሰቡ የያዘውን ስጦታ ታቅፎ ቆሟል፤ ትንሽ ይቆይ እያለች ላይ ታች ታመላልሰዋለች። እኔ አምስተኛው ክፍል ላይ እጄን በመርፌ ወጋሁ፤ ስድስተኛው ላይ ይህን ትተን ሌላ እንጀምር አልኩ። ወንድሜ አሻፈረኝ አለ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፎቅና አንድ ሰው፣ የሚጣል ነገር የለውም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል አለኝ።

አሥራ ሁለተኛው ክፍል የሚያበቃው ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ዞራ አፏን ስትከፍት ነው። የመዝጊያው ዘፈን ገባ፣ አለቀ። ነገረችው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አልታወቀም አልኩት። ተከታይ እንደሌለው ሲሰማ ሦስት ቀን ሲብሰለሰል ሰነበተ። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተዋል። የታወቀ ድክመታቸው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ግን ነገረችው? ይለኛል። በዚያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ቃል ይጠፋበት ጀምሮ ነበር፤ የስፌት መኪናዬን «ያቺ የምትጮኸው» ሲላት የዶክተሯ ቃል ትዝ አለኝ። አሁንም አልነገርኩትም። በምትኩ ሌላ ነገር አሰብኩ።

በአራተኛው ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ክፍል ተገኝቷል ብዬ ዋሸሁት። ላፕቶፑ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ የሚነጋገሩበት ክፍል ፈልጌ ከፈትኩ። ቋንቋውን አያውቅም፣ ጃፓንኛ እስከሆነ ድረስ በምን ይለየዋል ብዬ ነው። በዚያ ድምፅ ላይ የራሴን ታሪክ ተረኩለት። ሽማግሌው ለካ አልሞተም፤ የተሳፈረው በስህተት ነው። ሴትዮዋ መዝገቧን ገልጣ ብታይ ስሙ የለም። ይቅርታ ጠይቃ በዋናው በር አስወጣችው፤ ውጭው ፀሐይ ነው፤ ስጦታውን እንደታቀፈ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገዱን አስረዝሜ፣ የዛፎቹን ጥላ ሳይቀር ነገርኩት። ሲያልቅ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደምሰፋው ኮሌታ ተመለስኩ።

አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ልማዱ ከጥንካሬው ጀመረ። አተራረኬ በጣም ተሻሽሏል፤ መንገዱን ስነግረው ሙቀቱ ፊቱ ላይ ተሰምቶታል። ወደ ድክመቱ ሲሻገር ደግሞ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። የሊፍቱ ደወል አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። ሴትዮዋም ያቺ ሴትዮ አይደለችም፤ ይህችኛዋን ከዓመታት በፊት በአንድ የጉድጓድ መንፈስ ታሪክ ውስጥ እናት ሆና ስትሠራ ሰምቷታል፣ ስታዝን በአፍንጫዋ ትስባለች። ይቅርታ ልለው ስል አቋረጠኝ።

«ይሄ ሁሉ ይታለፋል» አለኝ። «ዋናው ድክመት የጻፈችው ሰው መፍራቷ ነው። አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ ሞቷል የተባልነውን ሰውዬ እንዴት በስህተት ነው ትለኛለች? እህቴ፣ ዶክተሯ ምን አለችሽ?»

ነገርኩት። ኩላሊቱን፣ ልቡን፣ ሁለት ወሩን። ፊቱን የፈራሁት በከንቱ ነበር፤ ፊቱ ምንም አልሆነም። መቼ እንደነገረችኝ ብቻ ጠየቀኝ፤ ስድስት ሳምንት ሆነ አልኩት።

«ስድስት ሳምንት» አለ። «ያ ጊዜ እኮ የኔ ነበር።»

አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። እንደ ድሮው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ልጁ ጋ ደውዪልኝ አለ።

ልጁ ወዲያው አነሳ። ስልኩን ወንድሜ ጆሮ ላይ ያዝኩለት። ሊሞት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የሚነግረው ነገር እንዳለ፣ በስልክ ግን እንደማይሆን ነገረው። ልጁ እመጣለሁ ጠብቀኝ አለ። መንገዱ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል። ስልኩ ሲዘጋ፣ ምናለ አሁኑኑ ብትነግረው ብዬ ለመንኩት። እናቱ በሞተችበት ቀን የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ደግሞ በስልክ አልገላገለውም አለ። እንግዲያው ለእኔ ንገረኝ፣ ምናልባት ሳይደርስ ቢቀር እኔ እነግረዋለሁ አልኩት።

«አንቺ አሳምረሽ ነው የምትነግሪው» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የመጀመሪያውን ቀን ደህና ዋለ፤ ጢሙን ላጨሁት፣ ተነስቶ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ከሟች ሚስቱ ጋር ያወራ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብጠራው አልመለሰም፤ ይተነፍሳል፣ እጁም ይሞቃል፣ እሱ ግን የለም። ልጁ የደረሰው ቀትር ላይ ነው። ጥፍሩ ውስጥ የሞተር ዘይት አለ፤ ከሥራ ተነስቶ ሳይታጠብ ነው የመጣው። አልጋው ሥር ተንበርክኮ «አባዬ፣ መጥቻለሁ» አለው። ደጋግሞ አለው። ወንድሜ በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ፤ በመሃሉ አንድ ቃል አልወጣውም።

ገናዡ እስኪመጣ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ልጁ ዓይኑ ደም መስሏል። «አክስቴ፣ ምን ሊለኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንደሚወደው፣ ሰባት ዓመት እንደጸጸተው፣ ስሙን እየጠራ እንዳለፈ። ያን ጊዜ ልናገር የምችለው ብዙው እውነት ነበር፤ ግን የአባቱ ቃል አይደለም። አላውቅም፣ ለእኔ ሊነግረኝ አልፈለገም አልኩት። ለምን ሲለኝ ምክንያቱን ነገርኩት፤ ስድስቱን ሳምንት፣ ታክሲውን፣ ሱሪውን፣ የፈጠርኩትን ክፍል። አንድም ነገር አላስቀረሁም። እሱም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

ከቀብር በኋላ ሁለት ቀን አድሮ ሻንጣውን አነሳ። የአባቱን ላፕቶፕ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ መልሶ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«እርስዎ ይያዙት» አለኝ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ይለኝ የነበረው «አንቺ» ነው።