አራቱ ባትሪዎችና የአባቴ ማሳ

የአባቴ ጉልበት ከከዳቸው ሁለት ክረምት አለፈ። ጋምቤላ ውስጥ፣ አቦቦ ያለው የበቆሎ ማሳቸው ከቤት ብዙ አይርቅም፤ ለእሳቸው ግን በሰፈራ ከመጡበት ከወሎ ይልቅ ራቀ። ልሸከምዎ የሚላቸው ሰው ደግሞ ጠላታቸው ነው። «ሬሳ ስሆን ትሸከሙኛላችሁ፤ ምን አስቸኮላችሁ?» ይላሉ። ራሳቸው ሄደው ማሳቸውን ማየት ነው የሚፈልጉት።

ከአልዌሮ ግድብ ወዲያ ያለ የእርሻ ካምፕ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አንዲት የጎልፍ ጋሪ ገዛሁ። ጣሪያ አላት፣ በር የላትም፣ በኤሌክትሪክ ትሄዳለች፤ ባትሪዎቿ ግን ሞተዋል። አርባ ስምንት ቮልት ትፈልጋለች፤ ወይ ባለ ስምንት ቮልት ስድስት ባትሪ፣ ወይ ባለ አሥራ ሁለት አራት። ስድስቱ ሩቅ ያስኬዳሉ፤ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጡ መጠበቅ ነው። ባለ አሥራ ሁለቱ፣ ለሶላር የሚሆነው፣ ጋምቤላ ከተማ ሱቅ ውስጥ አለ። ማሳው ቅርብ ነው ብዬ አራቱን መረጥኩ። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ማንንም አላማከርኩም።

ብልጠቴ እዚህ ላይ አላበቃም። ሦስት አዲስ ገዛሁና አራተኛውን ከቤታችን ሶላር ፈታሁት። ዓመታት አገልግሏል፤ ስለካው ግን አሥራ ሁለት ቮልት አለው። ሌላ ምን ይፈለጋል?

አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። የመስኖው ቦይ ጋ ስንደርስ ጋሪዋ ቆመች። ከማሳው የሚመለስ ጎረቤታችን አየት አደረጋትና፣ «አባባ፣ ይሄ መኪና ምግብ የለውም» አለ። እየገፋን ወደ ቤት መለስናቸው። አባቴ ፊታቸውን በጃንጥላው ሸፈኑ። እኔን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታውኑ በሙቀቱም በአሸዋውም አሳበብኩ። አባቴ ሰምተው ሰምተው፣ «አራቱ እኩያ ናቸው?» አሉ።

«አንዱ ትንሽ ቆየት ያለ ነው።»

«አሮጌ በሬ ከወይፈን ጋር ትጠምዳለህ? አሮጌው ይተኛል፤ ወይፈኑ እሱንም ሞፈሩንም ሲጎትት ይሞታል። አንተ ደግሞ የሰው ልጅ ታስተምራለህ!»

እዚህ አገር ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ በሬ አያስቀምጥም፤ አባቴ ከመጡ ወዲህ ጠምደው አያውቁም። ይሁንና ልክ ነበሩ። አሮጌው ቀድሞ እያለቀ አዲሶቹን ያደክማቸው ነበር፤ ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ ሆነው። እኔ ይህንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። አፈርኩ።

አራተኛውን ከሦስቱ ጋር አንድ ዓይነት ገዝቼ፣ ሁሉንም እስኪሞሉ ቻርጅ አድርጌ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ደረስን። አባቴ በምርኩዝ ወርደው በቆሎው መሃል ገቡና አረሙን አይተው እኔን ተሳደቡ። ተመልሰውም ከመሪው ፊት ተቀመጡ። «የቱ ነው የሚያስኬደው? ፍሬኑስ?» አሳየኋቸው። «በል እሸት ቆርጠህ አምጣ» አሉኝ።

ጋሪዋ ድምፅ የላትም። ሦስት እሸት ይዤ ስወጣ አባቴ ቦዩን አልፈዋል። ተጣራሁ፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተከተልኳቸው። ሰው ጥሎኝ ሲሄድ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።