ለቅሶ ላይ የተጨበጨበ ጊዜ

አሰፋሽን እዩዋት። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ምሳ ታድላለች። ለቅሶ አይቀርባትም፤ አውቶቡስ እየቀያየረች ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄዳ ለማታውቀው ሰው ታለቅሳለች። ዛሬ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሳለች። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። «ሁሉም ይልበስ» ተባለ፣ ለበሰች።

ጠዋት ተማሪውም ሠራተኛውም ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑ አንዲት አሮጊት መድረክ ላይ ወጡ። በልጅነታቸው የመንግሥት ሰዎች ከእናታቸው ነጥቀው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ፀጉራቸውን ላጯቸው፣ በቋንቋቸው ሲያወሩ ገረፏቸው። ታናሽ እህታቸው እዚያው ሞተች፤ የት እንደተቀበረች እስከ ዛሬ አያውቁም። ብርቱካናማው ቲሸርት ለካ የእነዚያ ልጆች መታሰቢያ ነው። ይህን ተናግረው የእህታቸውን ስም ጠርተው ንግግራቸውን ጨረሱ።

አዳራሹ አጨበጨበ!

እህቱ የሞተችበት ሰው ይጨበጨብለታል? አሰፋሽ መርዶ ሲነገር እንደሚለቀስ ብቻ ነው የምታውቀው። ደረቷን እየመታች «ወይኔ እህቴ! ወይኔ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ሳቁ። አሮጊቷ ግን ያለቀሰውን ሰው በዓይናቸው ፈለጉ።

የጽዳት ሠራተኛው መንገሻ ክንዷን ይዞ በጎን በር አስወጣት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፕሮግራም እኮ ነው! እኔ ስሞትም እንዲህ ልታለቅሺ ነው?»

«አንተ ስትሞትማ አጨበጭባለሁ! ሰው ሞቷል ተባለ'ኮ፣ መንገሻ!»

«ከሞተች ስንት ዘመኗ!»

«ታዲያ ማን አለቀሰላት?»

መንገሻ ወደ ኩሽናው እየጠቆመ «በይ ማናጀርሽ ትፈልግሻለች» አላት።

አሰፋሽ የፈለገችው ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጭ ብላ «እግዜር ያጽናዎት» ማለት ብቻ ነበር። የምሳ ሰዓት ደረሰ። ፒዛ እያደለች በምግብ ቤቱ በር መስታወት አየቻቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን መኪና ይጠብቃሉ። የክብር እንግዳ ተብዬዋ! አስተማሪው ሁሉ እያለፈ ፈገግ ይልላቸዋል።

«አንዴ ብቻ ልድረስባቸው» ብላ ማናጀሯን ለመነች።

«ላይኑን፣ ይህን ሁሉ ተሰላፊ ልጅ ጥለሽ? ኢሜል አድርጊላቸው።»

ኢሜል! ለቅሶ በኢሜል!

መኪናው መጣ፣ አሮጊቷ ሄዱ። አሰፋሽ ጓንት እንዳጠለቀች እንባዋ ይወርዳል። በምግብ ጓንት ፊት መንካት ክልክል ነውና አልጠረገችውም። የሚቀጥለው ልጅ ሳህኑን ዘረጋላት።

የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ሲጋብዝ፣ እባካችሁ ከሥራ ፈቃድ ጠይቁና ሂዱ። ንግግሩ ሲያልቅ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ መኪናቸው እስኪመጣ ብቻቸውን አትተዋቸው።