በሰው ለቅሶ የራስ እንባ

ዳኒኤላ የሞተች ሰሞን ለኣረጋሽ ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያገኟት ሴቶች፣ «አከራይሽ አረፈች አሉ፤ እንግዲህ ቤቱን ያስለቅቁሽ ይሆን?» ብለው ጠየቋት። «አይ፣ ውሉ በእኔም ስም ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ዳኒኤላ አከራይ አልነበረችም። የትራም ሹፌር ነበረች፤ ኣረጋሽ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ትሠራ ነበር። ጀርመን አገር፣ ሪደርቫልድ በሚባል ሠፈር ባለችው ጠባብ ቤት ከጎልማሳነት እስከ ሽበት አንድ አልጋ ላይ አድረዋል። እንግዳ ሲመጣ ግን ኣረጋሽ «ሚትቦቮነሪኔ ናት» ትላለች፤ ቤት የምትጋራኝ ናት ማለቷ ነው። ዳኒኤላ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። ኋላ ኋላ እንግዳ ሲያንኳኳ ጃኬቷን አንስታ መውጣት ለመደች።

ለእንዲህ ያለ ፍቅር ኣረጋሽ የምታውቀው ስም ስድብ ብቻ ነበር፤ አስመራ ትምህርት ቤት በተማረችው አማርኛም፣ በእናቷ ትግርኛም። የጀርመንኛው ቃል ስድብ ባይሆንም የሌላ ሰው ኮት የለበሰች ያህል ሰፋባት።

መጠጡ የተጀመረው ለሁለት ነው። ከሥራ መልስ አንድ አንድ ብርጭቆ የፖም ወይን፣ እየተጨዋወቱ። ዳኒኤላ ስትሞት ኣረጋሽ የሁለቱንም ድርሻ ትጠጣ ጀመር፤ ቆይቶ እሱም አልበቃ አላት። ጡረታ ወጥታለች፤ ጠዋት የሚጠብቃት የለም። ነጭ ወይን በሻይ ብርጭቆ ቀድታ ቀትር ሳይሞላ ትጀምራለች። ባዶ ጠርሙሶቹን እንዳይንኳኩ በፎጣ ጠቅልላ ከሠፈሯ ራቅ አድርጋ ትጥላለች።

ባለፈው ጥቅምት የእታለም ባል ጠዓመ ሞተ። እታለም ከኣረጋሽ ጋር ዓመታት በጽዳት የሠራች፣ ቦናመስ ሠፈር ፎቅ ላይ የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ኣረጋሽ ቀማምሳ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በኡባን፣ ሚንት ከረሜላ እያኘከች ለቅሶ ሄደች። ቤቱ ጢም ብሏል። ሴቶች እታለምን ግራና ቀኝ ይዘዋታል፤ አንዷ ውሃ ታቀብላታለች፣ ሌላዋ ትከሻዋን ታሻታለች። ኣረጋሽ በሩ አጠገብ ቆማ እነዚያን እጆች አየች። እንባዋ ገነፈለ። ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ሰዉ በመጀመሪያ ተገረመ፤ የአፏ ሽታ ሲደርሰው ግን ፊቱን አዞረ።

እታለም ተነስታ እጇን ይዛ ወጥ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ለማን ነው የምታለቅሺው?»

«ለጠዓመ ነዋ።»

«ጠዓመን በቅጡ እንኳ አታውቂውም። ለዳኒኤላ ነው?»

ኣረጋሽ ግድግዳውን ተደገፈች። «በምን አወቅሽ?»

«ስለሷ ስታወሪ ፊትሽን እያየሁ ስንት ዘመን ሠራሁ! ሞኝ መሰልኩሽ?» እታለም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ስሚኝ፣ እኔ እግዜርን እፈራለሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር አይዋጥልኝም። ግን ሰውሽ ሞታ ማንም አላጽናናሽም። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩሽ። ዛሬ ግን ቀኑ የባሌ ነው። ሂጂልኝ።»

ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም።

ብዙም ሳይቆይ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ሐኪሟ መጠጥ የሚያሸንፋቸውን ሰዎች ወደሚመክር ቢሮ፣ ቤራቱንግ፣ ላከቻት። እዚያ የቡድኖች ዝርዝር ሲሰጧት አንዱን በጣቷ አሳየች፤ እንደሷ ሴት የወደዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጡበታል። በወጣትነታቸው ስለጨፈሩባቸው ቡና ቤቶች፣ ስለወጡት ሰልፍ ያወራሉ። ኣረጋሽ በዚያ ዘመን የሰው ወለል ትወለውል ነበር። ተራዋ ሲደርስ «ማይነ ፍራው ሞተችብኝ» አለች፤ ሚስቴ ማለቷ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ያለችው። ማንም አልደነገጠም። አንገታቸውን ነቀነቁላትና ቀጣይዋ መናገር ጀመረች። ዕድሜ ልኳን ደብቃ የተሸከመችው ነገር እንዲህ እንደ ዋዛ ማለፉ እፎይታም ቁጭትም ሆነባት።

የጠዓመ አርባ ካለፈ በኋላ እታለም ደወለች።

«ቤትሽ መምጣት አልችልም፤ ሰው ያየኛል። ግን ልትጠጪ ስትይ ደውይልኝ።»

ኣረጋሽ ትደውላለች። እታለም ካነሳች ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ዳኒኤላን በስሟ አይጠሩም። እታለም ሥራ ላይ ከሆነች ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል። እንዲህ ያለውን ቀን ኣረጋሽ አንዳንዴ ሳትቀምስ ትውላለች። አንዳንዴ አይሆንላትም።